ተራው የማን ነው?

እ.ኤ.አ. ከጁላይ 3 እስከ ኦገስት 25 ቀን 2024 ሪያድ ውስጥ፣ ቡሌቫርድ ሲቲ በሚባለው የመዝናኛ ሰፈር፣ የመጀመሪያው የኢስፖርት የዓለም ዋንጫ ተካሄደ። ለተወዳዳሪዎቹ የተመደበው ሽልማት ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። መድረኩ ላይ ተሰልፈው የተቀመጡት ወጣቶች የሚፎካከሩት በሰከንድ ክፋይ ነው፤ ጣቱ የዘገየበት ተሸነፈ። በዚህ ምዕራፍ የምናየው ጨዋታ የዚያ ተቃራኒ ነው። እዚያው ሪያድ ውስጥ፣ በስልክ ላይ ሊካሄድ ይችላል፤ ነገር ግን አንዱ ተጫዋች ተራውን ሌሊት ተጫውቶ መልሱን ከነገ ወዲያ ቢያገኝ ቅር የሚለው የለም። መሣሪያው ጽሑፍ ብቻ ነው። መድረክም፣ ተመልካችም፣ ሽልማትም የለውም።

አሠራሩ ቀላል ነው። አምስት ያህል ሰዎች አንድ የቴሌግራም ወይም የዲስኮርድ ግሩፕ ይከፍታሉ። አንዱ አጫዋች ይሆናል፤ የዓለም ተጫዋቾች ጌም ማስተር የሚሉት ማለት ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥረው ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ሙያውን፣ የሚፈራውንና የሚፈልገውን በአንድ ገጽ ያሰፍራሉ። አጫዋቹ ሁኔታውን ይጽፋል፦ የት እንዳሉ፣ ምን እንደሚያዩ፣ ማን መንገድ እንደዘጋባቸው። ተጫዋቾቹ ገጸ ባሕርያቸው የሚናገረውንና የሚያደርገውን ጽፈው ይለጥፋሉ። ውጤቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል፤ አጫዋቹ የሆነውን ጽፎ ተራውን መልሶ ይሰጣል። ከልብ ወለድ የሚለየው መጨረሻውን አጫዋቹም ጭምር አለማወቁ ነው።

ስለዚህ ጨዋታ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚደክሙት ዓለም ስለ መፍጠር ነው፤ ካርታው፣ የነገሥታቱ የዘር ሐረግ፣ የአስማቱ ሕግ። እኔ እዚያ ላይ ብዙ መልፋት አስፈላጊ አይመስለኝም። በጽሑፍ ቅብብል የሚሄድ ጨዋታ ካርታው ስላላማረ ሲሞት አልታየም፤ ጽሑፉ ስለደከመም አይሞትም። የሚሞተው ተራ የደረሰው ሰው ዝም ሲልና ሌላው ሁሉ እሱን ሲጠብቅ ነው። ስለዚህ የአጫዋቹ ዋና ሥራ ተራው አንድ ቦታ ላይ እንዳይቆም መጠበቅ ነው፤ ተረት መተረት ሁለተኛ ሥራው ነው።

ተራ እየጠበቁ ቃል መቀባበል ለሪያድ ምድር እንግዳ አይደለም። በ7ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ ከተማዋ ባለችበት በአል ያማማ አገር፣ ጀሪር የሚባል ገጣሚ ተወለደ። ከባላንጣው ከአል ፈረዝደቅ ጋር 40 ዓመት ገደማ በግጥም ተነቋቆሩ። ሕጉ ጥብቅ ነበር፤ አንዱ የላከውን ግጥም ሌላው የሚመልሰው በዚያው ምጣኔና በዚያው ቤት መምቻ ነው። የተሰደበው ሰው የተሳዳቢውን ቅርጽ ተቀብሎ፣ ይዘቱን ገልብጦ ይመልሳል። አረቦች ይህን ዓይነቱን ቅብብል ነቃኢድ ይሉታል። ዛሬ የገጣሚው ስም ሪያድ ውስጥ ተመሥርቶ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በተስፋፋው በጀሪር የመጻሕፍት መደብር ላይ ይነበባል፤ መደብሩ ከመጽሐፉ ጎን ጌም ኮንሶል ይሸጣል። የመንፉሃም ነገር እንዲሁ ነው። ሐበሻ በብዛት የሚኖርባት ይህች የደቡብ ሪያድ ሰፈር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 በተነሣው ግርግር ስሟ አገር ቤት ድረስ ተሰማ። የአረብኛ ሥነ ጽሑፍ ሰዎች ግን የሚያውቋት በሌላ ነው፤ ከጥንቱ የአረብ ግጥም አውራዎች አንዱ የሆነው የአል አዕሻ መንደር ናት።

በእኛም በኩል በላ ልበልሃ አለ። ተከራካሪዎቹ በዳኛና በሸንጎ ፊት ቆመው፣ አንዱ ሲጨርስ ሌላው እየተቀበለ፣ በቤት መምቻና በምሳሌ ይሟገቱ ነበር። ተራውን በወጉ ያልተቀበለ ሰው እውነቱን ይዞ ይሸነፋል።

ሌላው ዓለም እንዲህ ወዳለው ቅብብል የደረሰው በብዛት በፖስታ ቤት በኩል ነው። የኤድንብራና የለንደን የቼዝ ክበቦች እ.ኤ.አ. ከ1824 እስከ 1828 እርምጃቸውን በደብዳቤ እየተላላኩ ተጋጠሙ። ኋላ ታላላቅ ደራሲያን የሆኑት የብሮንቴ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1826 አባታቸው ለወንድማቸው ባመጣለት የእንጨት ወታደሮች ተነሥተው ሙሉ አገሮችን ፈጠሩ፤ ኤሚሊና አን እ.ኤ.አ. በ1845፣ አንዷ የ26 ሌላዋ የ25 ዓመት ሴት ሆነው፣ ወደ ዮርክ በባቡር ሲሄዱ ጎንዳል የተባለችው የፈጠራ አገራቸው ሰዎች ሆነው እየተጫወቱ ነበር የተጓዙት። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው እንዲህ መጫወቱ የሚያሳፍረው አንባቢ ቢኖር ይህን ልብ ይበል። እ.ኤ.አ. በ1963 ጆን ቦርድማን የተባለ የኒውዮርክ የፊዚክስ መምህር ዲፕሎማሲ የተባለውን የሰባት ሰው ጨዋታ በፖስታ ለማካሄድ ግራውስታርክ የተሰኘች ትንሽ ኅትመት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1970 ሪክ ሉሚስ የተጫዋቾችን ትእዛዝ በፖስታ ተቀብሎ ውጤቱን የሚልክበትን አሠራር የንግድ ሥራ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን አሳተሙ፤ አንዱ አጫዋች፣ ሌላው ገጸ ባሕርይ የሚሆንበት ሥርዓት በሰፊው የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ኮምፒውተሮች በስልክ መስመር ሲገናኙ ጨዋታው ፖስታውን ትቶ እዚያ ገባ።

ሳዑዲ ኢንተርኔትን ለሕዝብ የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ጨዋታ በጠቅላላው ግን ከኢንተርኔቱ ይልቅ ዘግይቶ ነው ቦታ ያገኘው። በማርች 2001 የአገሪቱ የሃይማኖት ባለሥልጣናት ፖኬሞንን ከለከሉ፤ ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ ቁማር ይመስላል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የመንግሥቱ የኢንቨስትመንት ፈንድ ንብረት የሆነው ሳቪ የተባለ ኩባንያ ስኮፕሊ የተባለውን የጨዋታ ኩባንያ በ4.9 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2025 ስኮፕሊ በተራው የኒያንቲክን የጨዋታ ክፍል በ3.5 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለ፤ ፖኬሞን ጎም አብሮ መጣ። ፖኬሞን በተከለከለ በ24 ዓመቱ ስሙን የያዘ ጨዋታ የቤተሰብ ንብረት ሆነ ማለት ነው። በመካከሉ ሌላ ለውጥ አለ፤ በበርካታ መተግበሪያዎች የሚደረግ የድምፅና የምስል ጥሪ የተፈቀደው በሴፕቴምበር 2017 ነው። ከዚያ በፊት በይፋዊው መንገድ ርቆ ካለ ወዳጅ ጋር መጫወት የፈለገ ሰው የሚቀረው መጻጻፍ ነበር።

ዛሬ ድምፁም ምስሉም ተፈቅዷል። ታዲያ ለምን ይጻፋል? መልሱ ሰዓት ነው። ድምፅ ሁሉም በአንድ ሰዓት ነፃ እንዲሆኑ ይጠይቃል፤ ጽሑፍ አይጠይቅም። ሪያድ ውስጥ የሚሠራ ሐበሻ ደግሞ ሰዓቱ የራሱ አይደለም። ሹፌሩ ነፃ የሚሆነው አሠሪዎቹ እቤት ሲገቡ ነው። የሌሊት ጥበቃው ቀን ይተኛል። የቤት ሠራተኛዋ ስልኳን የምታነሣው ወጥ ቤቱ ተጠርጎ፣ ልጆቹ ተኝተው ሲያበቁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ደንብ ለቤት ሠራተኛ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት ዕረፍት በሳምንት ደግሞ አንድ ቀን ደንግጎ ነበር፤ በየቤቱ ያለው ግን የየቤቱ ነው። እነዚህን ሦስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ ዳይስ ማስጣል አይቻልም። ሦስቱም ግን በየራሳቸው ሰዓት አሥር መስመር ሊጽፉ ይችላሉ።

ሪያድና አዲስ አበባ በአንድ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ናቸው። የአዲስ አበባው ተማሪና የሪያዱ ሹፌር ሰዓት ማስላት አይኖርባቸውም፤ ዋሽንግተን ያለው ሦስተኛ ግን እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። የሚያምታታው ሌላ ነገር ነው። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ በአረቡ አቆጣጠር «ዘጠኝ» ሲባል የዋለ ሰው ነው፤ ተማሪው ያንኑ ሰዓት «ሦስት» ይለዋል። ስለዚህ አጫዋቹ ቀነ ገደብ ሲለጥፍ «ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት፣ በሪያድ አጠራር 9» ብሎ ሁለቱንም ይጻፍ። የሳምንቱ ዕረፍትም መታሰብ አለበት፤ ሳዑዲ እ.ኤ.አ. ከጁን 2013 ጀምሮ የምታርፈው ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ አዲስ አበባ ቅዳሜና እሑድ። የጋራ ቀን ቅዳሜ ብቻ ናት። የሳምንቱ ከባድ ውሳኔ ቅዳሜ ላይ እንዲወድቅ አድርጎ መቀየስ ጥሩ ነው። በረመዳን ደግሞ የከተማው ሕይወት ወደ ሌሊት ይዞራል፤ የሥራ ሰዓት ይቀያየራል፤ እንግዳ ይበዛል። ወሩ ሳይገባ ጨዋታውን በግልጽ ማሳረፍ፣ ወይም ፍጥነቱን በግማሽ መቀነስ፣ በዝምታ እንዲሞት ከማድረግ ይሻላል።

አሁን ጽሑፉን ከቅርብ እንየው። ለምሳሌ የሚሆነን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚሄድ የሲራራ ነጋዴዎች ጨዋታ ይሁን። ለእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ ሲራራ እጅግ ይመቻል፤ በየቀኑ አንድ ሰፈር ይደርሳል፣ በየኬላው ቀረጥ ይጠየቃል፣ ጉዞው ራሱ ዝግ ያለ ስለሆነ የጨዋታው ዝግታ አይታወቅበትም። አጫዋቹ እንዲህ ከፈተ እንበል፦

«ተከዜ ዳር ደርሳችኋል። ወንዙ ሙላት ላይ ባይሆንም ደፍርሷል። ከመሻገሪያው በፊት ኬላ አለ። ኬላ ጠባቂው አልጋ ላይ ተጋድሞ ጥርሱን ይፍቃል። በቅሎዎቻችሁን አንድ በአንድ ቆጥሮ ሲያበቃ ወደ ወይዘሮ ጥሩነሽ ዞረና ‹አንቺ፣ የዝባዱ ቀንድ የታል?› አላቸው።»

የወይዘሮ ጥሩነሽ ተጫዋች እንዲህ ብትመልስስ?

«ወይዘሮ ጥሩነሽ በቁጣ ተመለከቱት። ጠባቂው ደነገጠና ይቅርታ ጠየቀ። ገብሬም በቅሎዎቹን ነድቶ ሁሉም በሰላም ተሻገሩ።»

ዐረፍተ ነገሮቹ ምንም አይወጣላቸውም። ጨዋታው ግን አለቀ። ጠባቂው የአጫዋቹ ነው፤ እንዲደነግጥ የወሰነችው እሷ ናት። ገብሬ የሌላ ተጫዋች ነው፤ እሱንም ነዳችው። ወንዙ የሁሉም ፈተና ነበር፤ በሁለት ቃል ተሻገረችው። ሌሎቹ ሌሊት ስልካቸውን ሲከፍቱ የሚመልሱት ነገር የለም። አሁን ሌላውን እንይ፦

«ወይዘሮ ጥሩነሽ ከበቅሏቸው አልወረዱም። ‹የማንን ልጅ አንቺ እንደምትል ታውቃለህ?› አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መለሱ። ቀንዱ ያለው ኮርቻቸው ሥር ነው። ገብሬን በዓይናቸው ፈለጉት፤ እጁ የት እንዳለ ማየት ፈልገዋል።»

ይህች ጽሑፍ ሁለት ሰው ትጠራለች። ጠባቂው ተጠይቋል፣ መመለስ አለበት። ገብሬ በዓይን ተፈልጓል፣ አንድ ነገር ማድረግ አለበት። የገብሬ ተጫዋች ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነፃ ሆኖ ሲያነበው ተራው እንደሆነ የሚነግረው አያስፈልገውም፦

«ገብሬ እጁ ልጓሙ ላይ ነው። ወደ እሳቸው ግን አላየም። ቀንዱን ትናንት ማታ ከኮርቻው ሥር አውጥቶ ከነጫ በቅሎ ጭነት ውስጥ እንደሸሸገው አልነገራቸውም።»

አጫዋቹ ይህን አያውቅም ነበር። ወይዘሮ ጥሩነሽም አያውቁም፤ ተጫዋቿ ግን አሁን አንብባለች። የዚህ ጨዋታ ጨዋነት ያለው እዚህ ነው፤ አንብባ ያወቀችውን ገጸ ባሕርይዋ እንዳላወቀች አድርጋ መቀጠል አለባት። ይህን የማይችል ሰው ጥሩ ጸሐፊ ቢሆንም እንኳ አብሮ መጫወት ያስቸግራል።

አንዲት ነገር በመካከል ልጨምር። ኬላ ጠባቂው «አንቺ» ማለቱ ብቻውን ጠብ ጫረ። በአማርኛ የሚጫወት ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ከመጻፉ በፊት የሚያናግረው ወንድ ነው ሴት፣ አንቱ የሚባል ነው የማይባል፣ ማወቅ ይኖርበታል። በገጸ ባሕርይው ገጽ ላይ «ማን አንቱ ይለዋል? እሱስ ማንን?» የሚል ጥያቄ መጨመር ሁለት ገጽ ታሪክ ከመጻፍ ይበልጣል። አንቱታው የቀረ ዕለት ሁሉም ተጫዋች አንድ ነገር እንደተበላሸ ያውቃል።

አሁን ዳይሱ። ጠባቂው ይሸነፍ ወይስ ይግፋ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያውቀው የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ነው። በጽሑፍ ቅብብል ግን እኔ የምመርጠው ሁለት መደበኛ የሉዶ ዳይስ ደምሮ የሚያነበውን ሥርዓት ነው፤ ቪንሰንትና ሜጌ ቤከር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት አፖካሊፕስ ወርልድ የታወቀውን። ድምሩ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የተፈለገው ይሆናል። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ይሆናል፣ ግን ዋጋ ያስከፍላል። 6 እና ከዚያ በታች ከሆነ ነገሩ ይከፋል። ሁለት ዳይስ በ36 መንገድ ይወድቃል፤ ከ36ቱ 6ቱ ሙሉ ድል፣ 15ቱ ድል ከነዋጋው፣ 15ቱ ውድቀት ናቸው። «ሞከርክ፣ አልሆነም፣ ቀጣይ» የሚል ውጤት የለም። ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ባዶ ውጤት ግማሽ ደቂቃ ነው የሚያባክነው፤ በጽሑፍ ቅብብል ሁለት ቀን ይበላል። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የዳይስን ምልክት ለላከ ሰው ከ1 እስከ 6 ያለውን ቁጥር ራሱ ስለሚያወጣ ማንም ማንንም አይጠረጥርም።

የወይዘሮ ጥሩነሽ ተጫዋች ሁለት ላከች፤ 5 እና 3 ወጣ። ስምንት፤ ድል ከነዋጋው። አጫዋቹ ጻፈ፦ «ጠባቂው ከአልጋው ተነሥቶ እጅ ነሣ። ‹ይማሩኝ እመቤቴ፣ የእርስዎን ጭነት አልነካም› አለ። ፊቱ ግን ቀላ። ‹የአሽከርዎን ነጫ በቅሎ ግን እፈትሻለሁ፤ ደንብ ነው።›» ይህን ያነበበ የገብሬ ተጫዋች ሥራ ላይ እያለም ቢሆን ስለ ተከዜ ማሰቡ አይቀርም።

ዳይስን በተመለከተ ሪያድ ውስጥ አስቀድሞ የሚጠየቅ ነገር አለ። ነርድ የተባለውን በዳይስ የሚካሄድ ጨዋታ የሚያወግዝ ሐዲስ ስላለ፣ ዳይስ ያለበትን ማንኛውንም ጨዋታ የማይነኩ ሙስሊም ተጫዋቾች አሉ። ይህን ሰው ማከራከር የአጫዋቹ ሥራ አይደለም። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ በየታሪኩ ምዕራፍ ሦስት ሦስት ዕድል መስጠት ይቻላል፤ ባለ ዕድሉ አንዷን ሲያወጣ ይሳካለታል፣ ሳያወጣ ሲቀር አጫዋቹ ይወስናል። እንዲያውም ሰው ዕድሉን መቼ እንደሚያወጣ ሲያሰላ ጨዋታው ይጥማል።

ትልቁ ወጥመድ ውጊያ ነው። አራት ተጫዋችና አንድ አጫዋች፣ ከሽፍቶች ጋር የሚደረገው ውጊያ አምስት ዙር የሚፈጅ፣ በየቀኑም አንድ ሰው ብቻ በተራው የሚጽፍ ይሁን። አምስት ሰው በአምስት ዙር 25 ጽሑፍ ነው፤ 25 ቀን። የሽፍቶቹ የመጨረሻ ቀስት እስኪወረወር ወሩ ሊያልቅ ይደርሳል፤ አንዱ ተጫዋች ፈቃድ ወጥቶ አገር ቤት ገብቷል። መድኃኒቱ የቆየው የአገራችን ሰንጠረዥ ውስጥ አለ። በእኛ ሰንጠረዥ ሁለቱ ተጫዋቾች መጀመሪያ ላይ ተራ አይጠባበቁም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንደፈቀዱ ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህን ወረራ ይሉታል። በጽሑፍ ቅብብልም እንዲሁ ወረራ ይታወጃል፤ በሁለት ቀን ውስጥ አራቱም በፈለጉት ቅደም ተከተል ምን እንደሚያደርጉ ይጽፋሉ፣ በሦስተኛው ቀን አጫዋቹ ሁሉንም አንድ ላይ ይፈታል። ውጊያውን ሦስት ዙር ካደረገው በዘጠኝ ቀን አለቀ።

ወደ ዝምታው እንመለስ። ተጫዋች የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሥራ፣ ሕመም፣ የኢንተርኔት ካርድ ማለቅ፣ ወይም ጨዋታው ስላልጣመው። ሐበሻ ላይ ግን አንድ ልዩ ምክንያት አለ፤ ይሉኝታ። «ሰለቸኝ፣ ልውጣ» ማለት ስለሚከብደው «ነገ እጽፋለሁ» ይላል፤ ነገ ሳምንት ይሆናል፤ ሳምንት ሲያልፍ መመለሱ ራሱ ያሳፍረዋል። ከዚያ የሚጠብቁት ሰዎች ዝምታውን በየራሳቸው መተርጎም ይጀምራሉ፤ ንቆን ነው፣ ተቀይሞ ነው። ዝምታን መተርጎም ምን እንደሚያመጣ ከታሪካችን እናውቃለን። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ መልስ ሳይሰጠው ተቀመጠ፤ ንጉሡ ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጠሩት፤ ቆንስሉን አሰሩ፤ ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ አበቃ። የቴሌግራም ግሩፕ ጦር አያዘምትም፤ ወዳጅነት ግን ያፈርሳል።

ስለዚህ መውጫው በር ከመግቢያው ጋር አብሮ ይሠራ። አጫዋቹ በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ይበል፦ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጽሑፍ ይጠበቃል፤ ተራህ ደርሶ 48 ሰዓት ካለፈ ገጸ ባሕርይህን እኔ እይዘዋለሁ፣ አልገድለውም፣ አላዋርደውም፤ መውጣት ከፈለግህ በግል «በቅሎዬ አነከሰች» ብለህ ጻፍልኝ፤ ምክንያት አልጠይቅም። ሰበቡ ተዘጋጅቶ ሲጠብቀው ይሉኝታ ያለበት ሰው ይወጣበታል። ሌላው ደግሞ ከታሪኩ ግሩፕ ጎን ሁለተኛ ግሩፕ መክፈት ነው፤ ለወሬ፣ ለቀልድ፣ «ዛሬ አልመቸኝም» ለማለት። ወሬው ታሪኩ ውስጥ ከገባ ታሪኩን ማንም መልሶ ሊያነበው አይችልም። የሰው ብዛት? ከአምስት ተጫዋች በላይ አልመክርም፤ ከሦስት በታችም አልጀምርም፣ አንዱ መቅረቱ ስለማይቀር።

ሪያድ ላይ ተቀምጦ የሚጫወት ሰው ሕጉንም ይወቅ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሳዑዲ የኢንተርኔት ወንጀል ሕግ ሕዝባዊ ሥርዓትን፣ ሃይማኖታዊ እሴትን፣ ሥነ ምግባርን ወይም የግል ሕይወትን የሚነካ ነገር በኢንተርኔት ማዘጋጀትና ማሰራጨትን እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስርና እስከ 3 ሚሊዮን ሪያል በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። «ልብ ወለድ ነው» የሚለው መከላከያ እንደሚሠራ አድርጎ መጫወት አይበጅም። ታሪኩን ሩቅ ዘመን ላይ ማድረግ፣ ነቢያትንና ቅዱሳንን ገጸ ባሕርይ አለማድረግ፣ የዛሬን ባለሥልጣን አለማስገባት፤ እነዚህ ጨዋታውን ብዙም አያጠቡትም። አደጋው ያለው ይልቅ ከታሪኩ ውጪ ነው፦ የአሠሪን ስም፣ የቤቱን ፎቶ፣ የኢቃማን (የመኖሪያ ፈቃድን) ምስል በወሬው ግሩፕ ላይ መለጠፍ። ጨዋታው በስውር ስም ይሂድ፤ ሌሎቹ ወይዘሮ ጥሩነሽን እንጂ ከጀርባቸው ያለውን ሰው ማወቅ የለባቸውም። ወንድ የሴት ገጸ ባሕርይ ሊጽፍ ይችላል፣ ሴትም የወንድ፤ በግል እየገባ «እውነት ማነሽ?» የሚል ተጫዋች ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበት። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ጽሑፉ የማን ነው የሚል ነው። ሩቅ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። ታይ ፍራንክ የተባለ አሜሪካዊ የፈጠረውን የሕዋ ዓለም ከወዳጆቹ ጋር በጽሑፍ ቅብብል አጫወተ፤ ኋላ ከዳንኤል አብርሃም ጋር ሆኖ፣ ጄምስ ኤስ. ኤ. ኮሪ በሚል የጋራ የብዕር ስም፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሌቫያተን ዌክስ የተሰኘውን ልብ ወለድ አሳተሙ። መጽሐፉ ተከታታይ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ዘ ኤክስፓንስ በሚል ርእስ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። በመጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ በድንገት የሚሞት ሼድ የተባለ የመርከብ ሐኪም አለ። የሞተው ጨዋታው ላይ የሚጫወተው ሰው ስለወጣ ነው፤ አጫዋቹ የቀረውን ቡድን ሳያስጠብቅ ክፍተቱን የታሪኩ ድንጋጤ አደረገው።

ተከዜን የተሻገረ ቡድን መጽሐፍ ላይ ይደርሳል ብዬ አልፎክርም። ግን አምስት ሰው ለአንድ ዓመት በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢጽፍ ከ500 በላይ ጽሑፍ ይከማቻል፤ ከመካከላቸው አንዱ አንድ ቀን ማሳተም ወይም በዩቲዩብ መተረክ ይፈልጋል። ገብሬን የፈጠረው ሹፌር ያኔ ሪያድ ላይኖር ይችላል፣ ስልኩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውሉ መጀመሪያ ላይ፣ ግሩፑ አናት ላይ ፒን በተደረገው መልእክት ውስጥ ይግባ፦ ዓለሙ የአጫዋቹ ነው፣ ገጸ ባሕርይው የፈጠረው ሰው ነው፣ ሌላው ሊወስደው ሲፈልግ ይጠይቃል፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ መልስ ያልሰጠ ሰው ግን ገጸ ባሕርይው በሌላ ስም እንዲወሰድ እንደፈቀደ ይቆጠራል።